የመኳንንት ግራ ጉልበት

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ለለቅሶ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ካረፍኩበት ቤት ጓሮ አንዲት ሴት እንዶድ ትወቅጥ ኖሮ ሽታው በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን አሳከከኝና ሦስት ጊዜ አከታትዬ አስነጠስኩ። ሴትዮዋ ከውጭ ሆና «ይማርሽ» አለችኝ። «ያኑርሽ» ማለቱን ረሳሁት። በዐሥር ዓመቴ ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብዬ፣ ጀርባው ላይ አራት ቁጥር የተለጠፈበት ነጭ ማሊያ ይዤ ራሴን አየሁት። ያን ዓመት ያደረግሁትን ነገር በጎ ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ሁለቱንም ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እናቴ አለምነሽ ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ። የሰፈራችን ቡድን፣ ላይ ሰፈር፣ ማሊያውን በጆንያ ሞልቶ ይልክላታል። የጋፋት ቡድንም እንደዚያው። ጋፋት ከከተማው ወጣ ያለ የገበሬ አገር ስለሆነ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው ሜዳ ላይ ተጫውተው ቆሻሻውን ለእሷ ጥለው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ ንጹሑን ለብሰው ይገባሉ። ሁለቱ ቡድኖች ዓይንና ናጫ ነበሩ። እናቴ በአንድ ሳፋ አትቀላቅላቸውም እንጂ የምታጥባቸው በአንድ እንዶድ ነበር።

የእኔ ሥራ የተገለበጠውን ማሊያ መገልበጥና በቁጥሩ ተራ መደርደር ነው። እናቴ አንድ ቀንም ሜዳ ሄዳ ኳስ አይታ አታውቅም። ይሁንና ማን እንዴት እንደተጫወተ ከልብሱ ላይ ታነበው ነበር።

«ይኸን ልጅ እይው» ትለኛለች የላይ ሰፈርን ሦስት ቁጥር ድንጋዩ ላይ ዘርግታ። ጎኑ ከብብቱ እስከ ወገቡ ጭቃና የሣር አረንጓዴ ነው። «ሲተኛ የዋለ።»

«ጎበዝ ስለሆነ አይደል የሚወድቀው?»

«ስለዘገየ ነው። ይኸውልሽ ደግሞ የጋፋቱ አራት።» አራት ቁጥር አንገቱ ላይ ላብ፣ ክርኑ ላይ ጥቂት አፈር አለው፤ ሌላ ምንም የለው። «ኳሷ የት እንደምትመጣ ቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ያስተኛዋል?»

እኔ ግን አልገባኝም። ለእኔ የቆሸሸው የሠራ፣ ያልቆሸሸው የሰነፈ ነበር። ልብሱን ንጹሕ አድርጎ በመመለሱ ግን አራት ቁጥርን እወደው ነበር፤ ማሸት አይፈልግማ።

የአራት ቁጥር ባለቤት መኳንንት ይባላል፤ የጋፋት አምበል ነው። ስለ እሱ ብዙውን የሰማሁት ከወንዙ ሳይሆን ከጋሽ ሰይድ በረንዳ ነው። ጋሽ ሰይድ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ናቸው። የተቀደደ ማሊያ ሲኖር እናቴ ወደ እሳቸው ትልከኛለች። እሳቸው እስኪሰፉልኝ የበረንዳውን ጥግ ይዤ የወንዶቹን ክርክር እሰማለሁ። ከሁሉ በላይ ድምፁ የሚሰማው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አናጢው አጎቴ ይበልጣል ነበር። ላይ ሰፈር ሲሸነፍ ሁለት ቀን እህል የማይበላ ሰው ነው።

«የጋፋት መከላከያ ጠንካራ ነው» ይላሉ ጋሽ ሰይድ፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። «አምስት ጨዋታ ተጫውተው አንድ ግብ ነው የገባባቸው። ይኸ በዕድል አይሆንም።»

መከላከያ ሲሉ እኔ የማውቀው ወታደሩን ነው። ጋፋት ወታደር እንዳለው ሰምቼ ፈራሁ። ሌላ ቀን ደግሞ «የተከላካይ መስመራቸው አይሰበርም» ሲባል ሰምቼ፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሜዳውን ዞሬ በኖራ የተሠመረ መስመር ፈለግሁ። ያገኘሁት የአህያ ፋንድያ ብቻ ነው። «ብረት ናቸው» ሲሉ ግን አልተጠራጠርኩም። መምህራችን የአጼ ቴዎድሮስ መድፍ ጋፋት ላይ እንደተሠራ አስተምሮናል። መድፍ የቀለጠበት አገር ሰው ጉልበቱ ውስጥ ብረት ቢኖረው ምን ይገርማል?

«ምን ብረት» ይላል አጎቴ። «ድንጋይ ነው እንጂ። አራት ቁጥሩ ከቆመበት አይነቃነቅም። አጥቂ ወደ እሱ ይሄድለታል እንጂ እሱ ወደ አጥቂ ሄዶ አያውቅም።»

«ሁሉም ወደ እሱ ከመጣ ለምን ይሂድ?»

«ደህና አጥቂ አልገጠማቸውማ፣ ጋሽ ሰይድ። የኛ ሙሉቀን ይግባላቸውና ያን ጊዜ እናወራለን።»

«ሙሉቀን ፈጣን ነው፣ አልካድኩም። መኳንንት ደግሞ ሙሉቀን ሳይሮጥ የሚሮጥበትን ያውቃል። አንተ አናጢ ነህ፤ መጋዙ ፈጣን የሆነውን ነው የምትቀጥር ወይስ ልኩን የሚያውቀውን?»

ወንዶቹ ይስቃሉ፤ አጎቴ ይናደዳል፤ የስፌት መኪናው መሮጡን ይቀጥላል። እኔ ማን እንዳሸነፈ አይገባኝም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የጋፋትን ጆንያ ራሱ መኳንንት ተሸክሞ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠና ከግራ ጉልበቱ ላይ የተጠመጠመ ማሰሪያ ፈትቶ ለእናቴ ሰጣት።

«ይኸንንም እጠቡልኝ፣ እትዬ አለም።»

እኔ ተጠግቼ ጉልበቱን በጣቴ ነካሁት።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

«ብረት አለው?»

ሳቀ። «ብረቱ አርጅቷል፤ ዝገቱ ነው የቀረኝ» አለኝ። ስሜን ጠየቀኝ። ትርንጎ አልኩት።

ላይ ሰፈርና ጋፋት ሊጋጠሙ ሦስት ቀን ሲቀር እጅጌው የተቀደደ ማሊያ ይዤ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ሞልቷል። አጎቴ ቆሞ መኳንንት እንዴት እንደሚራመድ እያሳየ ነው፤ እግሩን እየጎተተ፣ ሆዱን እየነፋ። ሰው ሁሉ ይስቃል። «ሰነፍ ነው» አለ አጎቴ፤ «ሰነፍ ስለሆነ ነው የማይሮጥ።»

እንባዬ መጣ። ለእኔ የሳቀልኝን፣ ልብሱን የማያቆሽሸውን ሰው ሰነፍ አሉት።

«ሰነፍ አይደለም» አልኩ። «ጉልበቱን አሞት ነው። ያስረዋል። አይቻለሁ።»

ሳቁ በአንዴ ቆመ። አጎቴ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«የትኛውን ጉልበቱን?»

«ግራውን።»

አጎቴ አቅፎ አነሳኝና ከአግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ። ሁለት ፓስቲ አስገዝቶ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የታመመ ሰው መሆኑን ነግሬያቸው ያዘኑለት መሰለኝ። ጋሽ ሰይድ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና እጅጌውን ሰፍተው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ዳገቱ ላይ ተቀምጬ አየሁ። የላይ ሰፈር ልጆች ኳስ ባገኙ ቁጥር ወደ መኳንንት ግራ ይሄዳሉ። ሙሉቀን በግራው ይመጣል፤ መኳንንት በግራ እግሩ ኳሷን ይወስድበታል። ሙሉቀን ይመለሳል፤ መኳንንት ይወስድበታል። አንድ ጊዜ ሁለት ሆነው መጡበት። እሱ ግራ እግሩን ዘረጋና ኳሷን ከሁለቱ መካከል ውሻ ከመንገድ እንደሚያባርር ሰው ገፋ አድርጎ አወጣት። ጋፋት አንድ ለባዶ አሸነፈ።

እኔ ደስ አለኝ፤ አልታመመም ማለት ነው። ዞር ስል ግን አጎቴ ከታች ሆኖ እኔን እያየኝ ነበር።

ማምሻውን ቤታችን መጣ። አልተቀመጠም።

«እታለም፣ ይኸችን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?»

«ምኑን?» አለች እናቴ።

«ግራው ነው ብላ አሳሳተችን። ቡድኑ ሁሉ በግራ ሲደበደብ ዋለ። ሰው ምን እያለ ነው መሰለሽ፤ አለምነሽ የጋፋትን ልብስ ታጥባለች፤ ልጇን ልካብን ነው እያለ ነው። እኔ ምን ልበል? ግራ ገብቶኛል።»

እኔ ጥግ ላይ ሆኜ፣ አጎቴም ግራ ጉልበቱን አሞታል ማለት ነው ብዬ እግሩን አየሁት። ምንም አልነበረውም። በማግስቱ አሠልጣኙ ልጅ ልኮ የላይ ሰፈርን ማሊያ ታጥቦ ያለቀውንም ያላለቀውንም ከገመድ ላይ አስወሰደ።

እናቴ አልመታችኝም። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነገረችኝ። ፓስቲው ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዋሽተሻል?»

«አልዋሸሁም። አይቼዋለሁ። አንቺም አይተሻል።»

«አይቻለሁ» አለች፤ ቆይታም «ቤታችን የመጣን ሰው ገመና ውጭ አታውጪ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቀነሰ። ውሃ የበላው የእናቴ ጣት አብጦ ነበርና፣ ሥራ በሌለበት እጄን ላሳርፈው ብላ ኅዳር ላይ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዛኝ ወረደች። በሚኒባስ እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው የሄድነው። ለእኔ ከመሬት ውስጥ የሞቀ ውሃ መውጣቱ ራሱ ሊገባኝ አልቻለም፤ ከታች ማን እሳት እንደሚያነድ ጠየቅኳት። «እግዜር ነው» አለችኝ፤ እኔም እንጨቱን ከየት እንደሚያመጣው ሳስብ ዋልኩ።

ታጥበን ስንወጣ ከዛፍ ሥር መኳንንት ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎ ተቀምጧል። እናቴ ሰላም አለችው። ተነሥቶ ሊሳለም ሲል ፊቱ ተጨማደደና መልሶ ተቀመጠ። ጉልበቱን አየሁት። አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። ያበጠው ግን ቀኙ ነበር።

«ጋሼ መኳንንት፣ የሚያምህ ግራው አይደለም?» አልኩት።

ወደ እናቴ አየ፤ እሷም አየችው። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው አድርጎ ነገረኝ።

«ግራው ደህና ነው። ግራውን ከሜዳ ውጭ የማስረው ሰው እንዲያየው ነው። ያዩት እንደሆን ወደዚያ ይመጡልኛል፤ ቀኙን ይረሱታል። ይኸን የሚያውቅ ሰው የለም። አሁን እናንተ አወቃችሁ።»

እናቴ «እንዲህ እያለህ ለምን ትጫወታለህ ልጄ?» አለችው።

«ሦስት ጨዋታ ነው የቀረኝ፣ እትዬ አለም። ከዚያ በኋላ አልጫወትም።»

ላይ ሰፈሮች ወደ ግራው የሄዱት በእኔ ምክንያት መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። እስከ ሐሙሲት መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ሆኖም ውሸት ሆኖ ወጣ። ውሸቱ ደግሞ እሱን ጠቀመው። ታዲያ እኔ ዋሽቻለሁ ወይስ አልዋሸሁም? እናቴን ስጠይቃት «ዝም ብለሽ ተራመጂ» አለችኝ።

የመልሱ ጨዋታ በነቢያት ጾም ውስጥ ነበር። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት፣ እናቴ ወንዝ ወርዳ ሳለ አጎቴ ቤታችን መጣ። ረጅም ሸንኮራ ይዞልኛል። ከእኔ ጋር መደቡ ላይ ተቀመጠ። ተኮሳትሮ አልነበረም፤ እንዲያውም ያፈረ ይመስል ነበር።

«ትርንጎ፣ አጎትሽ ነኝ አይደል?»

«አዎ፣ አያ።»

«አልቆጣሽም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። የሚያመው የትኛው ነው?»

እንደዚያ ዓይነት ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። እውነቱን ብናገር መኳንንትን አሳልፌ መስጠቴ ነው። ብዋሽ አጎቴን መዋሸቴ ነው፤ እሱ ደግሞ አባት የሆነኝ ሰው ነው።  ሸንኮራውን እያየሁ እንዲህ አልኩት፤

«ግራው ነው። መጀመሪያም ብዬዎታለሁ።»

አጎቴ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየው። «ደግ» አለና ራሴን ደባብሶኝ ወጣ። ሸንኮራውን ትቶልኝ ነው የሄደው። እኔም መኳንንትን አዳንኩት ብዬ እየላጥኩ በላሁት።

በረንዳው ላይ የሆነውን ኋላ ለእናቴ የነገሯት ጋሽ ሰይድ ናቸው። አጎቴ ሄዶ «ልጅቱ አሁንም ግራ ነው ትላለች» ብሎ ተናገረ። አንዱ ተነሥቶ «ባለፈው ግራ ብላ ግራው እንደ ጅማት ሆኖ ተገኘ። አሁንም ግራ የምትለው ቀኙን ልትሸፍንለት ነው» አለ። ሁሉም ተስማሙ። ጋሽ ሰይድ «የሰውን ጉልበት ተዉና ኳስ መቀባበል ተማሩ። ይኸን ተከላካይ የምታልፉት በቅብብል ነው» ቢሉ የሰማቸው አልነበረም።

ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ተቀምጬ ሳይ ሁሉም በቀኝ መጡ። መጀመሪያ የሜዳው ጎን የተቀየረ መሰለኝና ግራና ቀኝ እጄን ዘርግቼ ለየሁ። ልክ ነበርኩ። ቀኝ ነው። መኳንንት ሁለት ጊዜ ኳሷን አዳነ። በሦስተኛው ሲዞር ዘገየ፤ ሙሉቀን አለፈውና አገባ። ከዚያ ወዲያ የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ «ቀኝ፣ ቀኝ» ይል ጀመር፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ። እኔ ብቻዬን «ግራ» አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ከዕረፍት በኋላ ሁለት ልጆች ተከታትለው መጡበት። አንዱ ኳሷን ይዞ አለፈ፤ ሁለተኛው ኳስ ሳይኖር ገባበት። መኳንንት ሲወድቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልጮኸም። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ላይ በጎኑ ተኛ።

ባጃጅ እስከ ሜዳው መሐል ገብታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ላይ ሰፈር ሁለት ለአንድ አሸነፈ።

እሑድ አጎቴ የላይ ሰፈርን ጆንያ በትከሻው ይዞ መጣ። «አሠልጣኙ ይቅርታ ብሎሻል» አላት እናቴን። «ሰው ሁሉ ትርንጎን እያመሰገነ ነው፤ ቀኙን ያወቅነው በእሷ ነው እያለ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ብለሽ ነው?»

«ግራው ነው አልኩ።»

«ግራው?»

«ግራው።»

እናቴ ልትቆጣኝ ተነሥታ መሐል ላይ ቆመች። ልታቅፈኝም እንደፈለገች አየሁ። ሁለቱንም ሳታደርግ ተመልሳ ተቀመጠች። «ቀኙን የነገረቻችሁ እሷ አይደለችማ» አለችው ወንድሟን።

አጎቴ ጆንያውን መሬት አስቀመጠው። ያኔ ነው የከበደው መሰለኝ፤ መኳንንትን ላድን የዋሸሁትን እነሱ ገልብጠው መስበሪያው እንዳደረጉት። «እኔ በሩጫ ያልፉታል ብዬ ነው እንጂ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እግሩን ይሰብሩታል ብዬ አይደለም፣ እታለም። ወላዲቱን።»

እናቴ ጆንያውን ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ሌላ ምን ታድርግ? አጎቴ ከዚያ ወር ጀምሮ ጋሽ ሰይድ በረንዳ ላይ አልታየም። ለምን እንደቀረ ሲጠይቁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ይል ነበር።

መኳንንት ከሐኪም ቤት ሲወጣ እናቴ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ጋፋት ልትጠይቀው ሄደች፤ እኔንም ወሰደችኝ። ቤታቸው ከመንገዱ ወረድ ብሎ የገብስ ማሳ ዳር ነው። እናቱ እናቴን ይዘዋት ወደ ጓዳ ሲገቡ እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ጀሶ ሆኖ መደቡ ላይ ተዘርግቷል።

ማንም ሳይጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። ፓስቲውን፣ አግዳሚውን፣ ሸንኮራውን። መጀመሪያ እውነት ብዬ እንደተናገርኩና ውሸት እንደሆነ፤ ኋላ ውሸት እንደተናገርኩና እነሱ እውነቱን ከውሸቴ ውስጥ እንዳወጡት። መሐል ላይ ለቅሶው አቋረጠኝ።

መኳንንት እስክጨርስ ሰማኝ። የተቆጣም ያዘነም አይመስልም ነበር። ሒሳብ እንደከበደው ተማሪ ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል» አለኝ፤ «ሁለተኛውን ጊዜ ቀኙ ነው ብትያቸው ኖሮ ወደ ግራው ይመጡ ነበር ማለት ነው?»

እሱን አስቤው አላውቅም ነበር። 

«ተይው» አለ ወዲያው፤ «ያም ላይሆን ይችላል። እዚያ በረንዳ ላይ ሰው ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እያታለልኩ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን ይነቁብኝ ነበር።» ይኸን ያለኝ እውነቱ ስለሆነ ይሁን ለቅሶዬን ሊያስቆም ብሎ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። «ግን ትርንጎ፣ ለምን አላውቅም አላልሻቸውም?»

«እ?»

«ሲጠይቁሽ። ግራም ቀኝም ከማለት፣ አላውቅም ማለት ትችይ ነበር።»

 ዐሥር ዓመት ሙሉ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ መልስ ነው የሰጠሁት፤ ትምህርት ቤትም ቤትም። የሚያውቁትን ነገር አላውቅም ማለት እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እናቴ ከጓዳ ወጣች፤ ተሰናብተን መንገዱን ያዝን። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ከተማው ስንቃረብ፣ ከፔርሙዙ ጋር የሚጠላለፈውን ነጠላዋን እያስተካከለች ጠየቀችኝ።

«ብቻችሁን ስትሆኑ ምን አለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ መንገዷን ቀጠለች።